ጨምሩበት እንጂ አትቀንሱለት



ትናንት እዚሁ ሻኪሶ አንድ የድሮ ተማሪዬን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። እግሩ ጀሶ ውስጥ ነው። ከአዶላ ሲመለስ፣ ሊመሽ ሲል፣ በካፊያ፣ ፍሬን ሲይዝ ከኋላው የነበረ አይሱዙ ገጨው። ሾፌሩ «አላየሁትም» አለ። እኔ ሾፌሩን አምነዋለሁ። የሞተሩ ስቶፕ መብራት ለውበት ተብሎ ጥቁር ስፕሬይ ተነፍቶበታል። ሁለቱ ስፖኪዮዎችም ተፈትተው ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል።

ጠያቂው ሁሉ ግን የፈረደው በሌላ ነገር ነው። «ይሄ ማሸብረቅ ነው የበላው» አሉ አንድ አባት። «ሞተር የሚያስጌጥ ልጅ ድሮም ዱርዬ ነው» አሉ አንዲት እናት። ከዚያ የወንበሩ ቀይ ልባስ፣ የመሪው ዘርፍ፣ ታንከሩ ላይ የተጻፈው ስም አንድ በአንድ እየተነሳ ተወገዘ። ልጁ አንገቱን ደፋ። እኔም የታመመ ቤት ነው ብዬ ዝም ብዬ ወጣሁ። እዚያ ያልተናገርኩትን እዚህ ልናገር።

ልጁን ያስገጨው የጨመረው ቀይ ጨርቅ አይደለም፤ የቀነሰው መብራት ነው። ሁለቱን ካልለየን ነገም ሌላ ልጅ እንጠይቃለን።

መጀመሪያ ለትልልቆቹ። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እስቲ በእርጋታ እንነጋገር። በዚህ አገር የሚጋልበውን ያላስጌጠ ማን ነው? ፈረስ ላይ ግላስ ያለበሱት፣ ልጓሙን በብርና በቀይ ክር ያሸበረቁት አያቶቻችን አይደሉም? እንዲያውም ከራሳቸው ስም ይልቅ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። የጅማው አባ ጅፋርም የፈረስ ስም ነው። ዛሬም አዊ ብትሄዱ በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ያጌጡ ፈረሶቻቸውን ይዘው አደባባይ ይወጣሉ፤ በቴሌቪዥን እያየን «ባህላችን!» ብለን እናጨበጭባለን። እዚሁ አጠገባችን የቦረና እናቶች የወተት ዕቃቸውን በቆዳና በዛጎል አስጊጠው ነው የሚይዙት። ለወተት ዕቃ ያልነፈግነውን ጌጥ እንጀራ ለሚበላበት ሞተር ሲሆን ዱርዬነት ያልነው በምን ሒሳብ ነው?

ደግሞ ነገሩን ከልጁ በኩል እዩት። ቦክሰር ከፋብሪካ ሲወጣ አንዱ ከሌላው አይለይም። ተራ ላይ ሃያ ሞተር ቆሞ ደንበኛ የሚያስታውሰው ያንን ባለ ቀይ ወንበር ነው። ልጁ ያንን ሞተር የገዛው በቡና ገንዘብ፣ በዕቁብ፣ አለዚያም ከዘመድ ተበድሮ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ ጋዜጣ ለጥፎ፣ በስፕሬይ ራሱ ቀብቶ ሲጨርስ «የኔ» ይላል። ሞተሩን በየማታው የሚያብስ ልጅ የላላ ብሎንና የሳሳ ጎማ ቶሎ ያያል። ጌጥ የሚወድ ሰው ዕቃውን ይጠብቃል። ይሄን ልጅ መስደብ ሳይሆን ማስተማር ነው የሚያዋጣን።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ ልጆቼ። «ቲቸር ከኛ ጋር ነው» ብላችሁ ገና አትጨብጭቡ።

ስፖኪዮ ለምን ትፈታላችሁ? «ፋራ ያስመስላል» አላችሁኝ። በቀይ አቧራ መንገድ ላይ ከኋላችሁ ሲኖትራክ እየመጣ መሆኑን የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው። ሞተሩ ይጮኻል፣ ነፋሱ ይጮኻል፣ የጭነት መኪናውን የምትሰሙት አጠገባችሁ ሲደርስ ነው። ዞር ብላችሁ ካያችሁ ደግሞ ፊት ለፊት ያለውን ጉድጓድ አታዩም። ከስፖኪዮ ጋር ፋራ መባል ይሻላችኋል።

ስቶፕና ፍሬቻ ላይ ጥቁር ቀለም መንፋት መብራቱን እንደ ማጥፋት ነው። በቀን ያምራል፣ ሲመሽ ይገድላል። ከፊት ቀይ አምፖል የምታስሩም አላችሁ። ሾፌር በጨለማ የሚያነበው ቀለም ነው፤ ቀይ ሲያይ የኋላችሁን ያየ፣ ወደፊት እየሄዳችሁ ያላችሁ ይመስለዋል። እናንተ ግን ወደሱ እየመጣችሁ ነው።

ማርሚታውን በስታችሁ ወይም ውስጡን አውጥታችሁ የምታስጮኹት ጌጥ አይደለም። ሌሊት የወለደች እናት የምትቀሰቅሱበት ጩኸት ነው፤ ለሰፈሩ ስድብም በር የከፈተው እሱ ነው። ተጨማሪ መብራት ስትቀጥሉ ያለ ፊውዝ ሽቦ አትጠምዝዙ፤ የተላጠ ሽቦ ከቤንዚን ታንከር ሥር ምን እንደሚያደርግ ፊዚክስ ክፍል ተምረናል። የመሪው ዘርፍ የፍሬን እጄታውን ከያዘ ወይም ጎማው ጋ ከደረሰ፣ ቁረጡት።

ታርጋም አትሸፍኑ። አዲስ አበባ በ2011 ክረምት ሞተር ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ስትከለክል የተነሳው ምክንያት በሞተር የሚፈጸም ወንጀል ነበር። ጥቂቱ ሲያጠፋ የታገደው ግን ሠርቶ የሚበላውም ነው። ማንነቱን የሚደብቅ ሞተር ሁላችሁንም ያስጠረጥራል።

«እና ምን እናስጊጥ?» ካላችሁ ሞልቷል። ታንከሩን ቀቡት፣ ፓራፋንጎውን ቀቡት፣ ወንበሩን ልብስ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ በፈለጋችሁት ቀለም አልብሱት። የእናታችሁን ስም ጻፉበት፣ የፈረስ ስም አውጡለት። ማርሚታ ላይ ተራ ቀለም አትቀቡ፣ ሙቀቱ ያቃጥለዋል፤ ሙቀት የሚችለውን ጠይቁ። ከሁሉም የምወደው ጌጥ ደግሞ አንጸባራቂ ቴፕ ነው፤ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ፣ በጎንና በጎን ቢጫ። በቀን ያምራል፣ ሲመሽ በመኪና መብራት ያበራል። የኔ ተማሪ ይሄን ቴፕ ከኋላ ለጥፎ ቢሆን ኖሮ አይሱዙው ቀድሞ ያየው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሄልሜትም አለ። ጥናቶችን ሰብስቦ ያየ አንድ ሰፊ ግምገማ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። እናንተ ግን መሪው ላይ አንጠልጥላችሁት ትሄዳላችሁ፤ መሪው ጭንቅላት ያለው ይመስል። ያሳፍራል ካላችሁ አስጊጡት። ብቻ ቤንዚን ወይም ስፕሬይ አታስነኩት፣ ፕላስቲኩን ሊያሳሳው ይችላል። አንጸባራቂ ቴፕ ይበቃዋል።

የራሴንም ጥፋት ልናገር። ያንን ጥቁር ስቶፕ ከአደጋው ሁለት ሳምንት በፊት አይቼዋለሁ። ሻይ ቤት በር ላይ ሞተሩን ሲያሳየኝ «አንተ፣ ሙሽራ አስመሰልካት!» ብዬው ሳቅኩ። መብራቱን አይቼ ምንም አላልኩም። ሽማግሌዎቹ ጌጡን ሲረግሙ ዝም ያልኩት በአክብሮት ብቻ አልነበረም፤ ጥፋቱ እኔም ጋ ስለደረሰ ነው። ያን ቀን አንድ ቃል ብናገር ሰምቶኝ ይፈጀው ነበር፤ ይሄ ልጅ ክፍል ውስጥም የነገሩትን የሚሰማ ልጅ ነበር።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሕጌ አንድ ነው፤ ጨምሩበት እንጂ አትቀንሱለት። ፋብሪካው ለዓይንና ለብርሃን የሰጣችሁን አንዱንም ሳታነሱ የፈለጋችሁትን ጨምሩ። ትልልቆቹም ያጌጠ ሞተር ስታዩ ከመሳደባችሁ በፊት ስፖኪዮው እንዳለ፣ ስቶፑ እንደሚበራ እዩ። ካለና ከበራ «ያምራል» በሏቸው። ከሌለ ደግሞ እንደኔ ስቃችሁ አትለፉ።

ሁለት ስፖኪዮ ያለው፣ ስቶፑ የሚበራ፣ ያጌጠ ሞተር ያላችሁ ፎቶውን ከታች ለጥፉልኝ። ስፖኪዮውን ቤት ያስቀመጣችሁ ደግሞ መጀመሪያ ሄዳችሁ እሰሩት። እጠብቃለሁ።