ድምፅ የተሰጠው ወይስ የደከመበት?

ጥሩ ዜማ በሰማን ቁጥር «ሲፈጥረው ነው» ማለት ይቀናናል። ንግግሩ ምስጋና ይመስላል። ነገር ግን የዘመረውን ሰው ድካም ይሰርዛል፤ ላልዘመረው ደግሞ ማምለጫ ይሆነዋል። የቅዱስ ያሬድን ታሪክ እንኳ ስንተርክ ዜማውን ያመጡለትን ሦስቱን አዕዋፍ አጉልተን፣ ከትምህርት ተስፋ ቆርጦ ሳለ ያየውን፣ እየወደቀ ደጋግሞ ዛፍ የወጣውን ትል በአንድ ዐረፍተ ነገር እናልፈዋለን። ትሉ ባይኖር ግን ያሬድ ወደ ትምህርቱ ባልተመለሰ ነበር።

የላሊበላ አገር ላስታ «ሲፈጥረው ነው» ለሚለው አባባል መልስ አላት። በልደት ማለዳ በላሊበላ ቤተ ማርያም «ቤዛ ኩሉ» ሲዘመር ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ። ከፊሉ ማሜ ጋራ በሚባለው የዐለት አፋፍ ላይ በመላእክት አምሳል ይሰለፋል፤ ከፊሉ ታች ከግቢው በሰው ልጆች አምሳል ይቆማል። የላዩና የታቹ ይቀባበላሉ። በመካከላቸው ገደል የሚያህል ግድግዳ አለ፤ ሆኖም ዜማው አይፋለስም። የአንዱ ትከሻ ሲያዘነብል የሰልፉ ሁሉ ትከሻ አብሮ ያዘነብላል። ይህን አይቶ «ተሰጥኦ ነው» የሚል ሰው ያየው አንድ ማለዳ ብቻ ነው።

እነዚህ ሰዎች በየበዓሉ ሌሊት ማሕሌት ሲቆሙ ከርመዋል። ማሕሌት ደግሞ ራሱ ልምምድ ነው። አንዱ ቃል በቁም ዜማ ይባላል፤ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከበሮና ጸናጽል ገብቶ ይረገዳል፤ በመጨረሻ በጭብጨባ ይጸፋል። በዚህ መንገድ ደጋግሞ ያለፈ ቃል ከአፍ አልፎ እግርና ትከሻ ውስጥ ይገባል። ከሰልፉ ብዙዎቹ በሥራ ቀን እርፍ የሚጨብጡ ገበሬዎች ናቸው፤ ዜማውም እንደ እርሻው የዘወትር ሥራቸው ነው።

ወደ ኋላ ሄደን የዜማ ተማሪውን ብናይም ያው ነው። ወደ ጉባኤው ሲገባ ድምፁን የሚፈትነው የለም። ቀን ቁራሽ ይለምናል፣ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፤ ከየኔታ የተቀበለውን ቀለም የዜማ ምልክቶቹ ድፋቱ፣ ቅናቱና ርክርኩ ጉሮሮው ላይ እስኪረጋ ድረስ ይከልሳል። የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ዘልቆ በምስክር ቤቱ በጋይንት ቤተልሔም ለማስመስከር ዓመታት ያልፋሉ። እነዚያን ዓመታት «ሲፈጥረው ነው» በሚል ቃል መሸፈን ግፍ ነው።

እዚያው ላስታ፣ ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ የቆመው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ነጭ ልስን እየተደረበ ወደ ላይ የወጣ ነው። ያንን ግድግዳ አይቶ «ተሰጥኦ ሠራው» የሚል የለም። ድምፅ ላይ ስንደርስ ለምን እንለዋለን?

«ታዲያ ተፈጥሮ ድርሻ የለውም?» የሚል ይኖራል። አለው፤ ግን ጥቂት ነው። ያማረ ጉሮሮ የጎረቤቱን ትንፋሽ መጠበቅ ካልተማረ ኅብረቱን ከማወክ በቀር አይጠቅምም።

ከከተማ መዘምራን መካከል በዓል ሲቃረብ ብቻ የሚሰበሰቡ አሉ። ዜማው አልገጥም ሲል «ድምፅ ያላቸው ልጆች አጣን» ይላሉ። ያጡት ልጆችን አይደለም፤ ልማዱን ነው። በየዕለቱ ጥቂት ሰዓት ለዓመታት አብሮ የሚቆም ጉባኤ ላስታ ወደ ደረሰችበት ኅብረት ሊቀርብ ይችላል። «ድምፅ የለኝም» የሚል ሰውም ስለ ጉሮሮው ከመናገሩ በፊት ስንት ሌሊት እንደቆመ ይናገር።