መኪናን በቤት ዋክስ ስለ መቀባት

ብዙዎቻችሁ ከብዙ ቁጠባ በኋላ የመጀመሪያ መኪናችሁን ገዝታችኋል፤ እንኳን ደስ አላችሁ። መኪናው ደጅ ስለሚውል የዚህ አገር ፀሐይ የጣራውን ቀለም ቶሎ ያደበዝዘዋል። አንዳንዶች ለዚህ ብለው በመቶ የሚቆጠር ሸቅል ሲከፍሉ አያለሁ። ሥራውን ግን በቤት መሥራት ይቻላል።

በመጀመሪያ ፖሊሽና ዋክስ አንድ አይደሉም። ፖሊሽ በቀለሙ ላይ ያለውን ስስ ላካ በጥቂቱ ይፍቀዋል። በየወሩ ፖሊሽ የሚያስደርግ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ላካውን እያስጨረሰ ነው። ዋክስ ግን ሰም ስለሆነ ከላይ ይሸፍናል እንጂ አይፍቅም፤ በሁለት ወይም በሦስት ወር አንድ ጊዜ ይበቃል።

መኪናውን ጥላ ሥር አቁሙት፤ ብረቱ በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ይሁን። አቧራውን በውኃ ካስለቀቃችሁ በኋላ በመኪና ሳሙና እጠቡት። የሳህን ሳሙና የተቀባውን ዋክስ ያነሳዋል፤ ኤኮኖሚካማ ከነጭራሹ አይቅረበው። በደንብ ሲደርቅ በለስላሳ ጨርቅ ጥቂት ዋክስ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። መላውን መኪና በአንድ ጊዜ ሳይሆን አንድ በር ጨርሳችሁ ወደ ሌላው እለፉ። ዋክሱ ደረቅ ብሎ ሲደበዝዝ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ወልውሉት። ጨርቁ መሬት ከወደቀ ቀይሩት፤ የያዘው አሸዋ ቀለሙን ይጭረዋል። የወፍ ኩስ ካያችሁ ሳይደርቅ በውኃ አርጥባችሁ አንሱት።

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁም አላችሁ። ሻጭ መኪናውን ከማሳየቱ በፊት ፖሊሽ ሊያስደርገው ይችላል፤ ፍሬኑና ሞተሩ ግን በፖሊሽ አይታደሱም። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት መኪናውን ወደ መኾን ብዲካ ወስዳችሁ አስመርምሩት፤ የምርመራውንም ወረቀት ዕብራይስጥ የሚያነብ ልጅ ወይም ጎረቤት ያንብብላችሁ።