የግብር መጠለያና የመስፍኑ አትክልተኛ

አንድ ሰው የሚፈለግበትን ግብር ሕግ ሳይጥስ ለመቀነስ የሚጠቀምበት ዘዴ የግብር መጠለያ ይባላል። ገቢውን ደብቆ ሐሰተኛ ሂሳብ የሚያቀርብ ሰው ግን ግብር ሰወረ እንጂ ተጠለለ አይባልም፤ እርሱን የሚጠብቀው ወህኒ ቤት ነው። መጠለያውን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሕግ አውጪው ራሱ ነው። ሠራተኛው ለእርጅናው ጥሪት እንዲይዝ ሲሻ፣ ለጡረታ በሚያስቀምጠው ገንዘብ ላይ ግብር ይተውለታል። በዚህ የሚከፋ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ክርክር የሚነሣው ሕግ አውጪው ባላሰበው ጥግ መጠለያ ሲቀለስ ነው። በእንግሊዝ አገር የዌስትሚንስተር መስፍን አንድ አትክልተኛ ነበራቸው። በዚያን ጊዜ ሕግ ለቤት ሠራተኛ የሚከፈል ደመወዝ ከአሠሪው ገቢ ላይ አይቀነስም ነበር፤ በውል ቃል የተገባ ዓመታዊ ክፍያ ግን ይቀነስ ነበር። ስለዚህ መስፍኑ ለአትክልተኛው ለሰባት ዓመት በየሳምንቱ ገንዘብ ሊሰጡት በውል ፈረሙ። አትክልተኛው እንደ ወትሮው ይኮተኩታል፤ እጁ የሚገባውም ያው ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ገንዘብ ደመወዝ መባሉ ቀረ። ጉዳዩ እስከ ሎርዶች ምክር ቤት ደርሶ በ1935 እ.ኤ.አ. ለመስፍኑ ተፈረደላቸው። ማንም ሰው ግብሩ እንዲያንስለት ጉዳዩን በሕግ ውስጥ የማሰናዳት መብት አለው ተባለ። ከዳኞቹ መካከል ያልተስማሙት ሎርድ አትኪን ብቻ ነበሩ።

እኔ ከሎርድ አትኪን ጋር ነኝ። እርግጥ ውሉ አትክልተኛው ሥራውን ቢለቅም እንዲከፈለው ያዛል። ሆኖም ሰውየው እየሠራ እስከተቀበለ ድረስ ገንዘቡ የድካሙ ዋጋ ነው። ደግሞስ እንዲህ ያለውን ውል የሚያረቅ ጠበቃ ሊቀጥር የሚችለው ማን ነው? አትክልተኛው አይደለም። መስፍኑ ስለተጠለሉ የመንገዱና የትምህርት ቤቱ ወጪ አይቀንስም፤ የጎደለው መጠለያ በሌለው ላይ ይወድቃል።

ዳኛ የተጻፈውን ትቶ የከፋዩን ልብ ይመርምር ከተባለ፣ ማንም የነገ ግብሩን ሊያውቅ አይችልም የሚሉ አሉ። ይህ በቀላሉ የሚናቅ መከራከሪያ አይደለም። ይሁን እንጂ በ1981 ያው ምክር ቤት፣ ግብር ለመሸሽ ብቻ የተቀጣጠሉ ውሎች እንደ አንድ ነገር ሊታዩ እንደሚችሉ ፈረደ። በዚያ ጊዜ የተረታው፣ እርሻውን ሸጦ ያገኘውን ትርፍ በወረቀት ላይ በተፈጠረ ኪሳራ ሊያጣፋ የሞከረ ኩባንያ ነበር። በ2013ም ፓርላማው ያላግባብ የተቀለሰ መጠለያን የሚያፈርስ አጠቃላይ ድንጋጌ አወጣ። የመስፍኑ ፍርድ ግን ከጠበቆች አፍ እስከ ዛሬ አልጠፋም።