እንቁላሏን የሚበላው ባለውለታ

ብርቅዬ ወፍ ቁጥሯ ሲመናመን ጥፋተኛው ቶሎ ይገኛል፤ ወጥመድ ያነገበ አዳኝ። ስለ ሰማያዊዋ ማካውም ይህ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በትንሹ 10,000 ያህሉ ከደቡብ አሜሪካ እየተያዙ ለሀብታም ሳሎን ማድመቂያ ተሸጠዋል። በ1987 ዓለም አቀፍ ንግዱ ታገደ። ደግ ሆነ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን አዳኙ ከሄደ በኋላ ያለው ነገር ነው።

ይህችን ማካው ከበቀቀን ዘር በርዝመት የሚስተካከላት የለም፤ አንድ ሜትር ትሞላለች። ላባዋ ደማቅ ሰማያዊ፣ ዓይኗ ዙሪያው በቢጫ የተኳለ ነው። ከዘሯ አብዛኞቹ ያሉት ብራዚል ውስጥ፣ ፓንታናል በተባለው ሰፊ ረግረግ ነው። እዚያ በዋናነት የምትመገበው የሁለት ዓይነት ዘንባባ ፍሬ ሲሆን፣ አንደኛውን ላሞች ይውጡትና ልጣጩ ሆዳቸው ውስጥ ይቀራል። ማካዋም ከብቶቹ ካደሩበት ወርዳ ፍሬውን ከእበት መሃል ትለቅማለች። ያን ሁሉ ጌጥ ለብሳ!

ላሟ ቁርስ አቀረበች ብለን ሳንጨርስ ግን ጎጆዋን ታፈርሳለች። የፓንታናል ማካው ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ የምትፈለፍለው ማንዱቪ በተባለ ዛፍ ሆድ ውስጥ ነው። ዛፉ ለዚያ የሚበቃ ቀዳዳ የሚያወጣው 60 ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ችግኙን ከብት ይግጠዋል፣ ይረግጠዋል፤ እሳትም አለ፤ በ2020 ከፓንታናል ሩብ የሚሆነው ተቃጥሏል።

ቱካን የሚባለው ባለ ትልቅ መንቁር ወፍ ደግሞ ይብሳል። በ2008 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ከተበሉት የማካው እንቁላሎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን የበላው እሱ ነው። የማንዱቪን ዘር በየቦታው ከሚበትኑት እንስሳትም አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው እሱው ነው። እንግዲህ ቱካኑን እናባርር የሚል ካለ ዛፉንም አብሮ ይሰናበት።

ባዮሎጂስቷ ኔይቫ ጌደስ ከ1990 ጀምሮ በየከብት እርባታው እየዞረች ከባለቤቶቹ ጋር ትሠራለች፤ ቡድኗ ጎጆ የሚሆን የእንጨት ሣጥን ዛፍ ላይ ይሰቅላል፣ ማካዎቹም ይገቡበታል። ሣጥኑን አልንቅም። ገንዘብ አዋጣ ብባል ግን የምሰጠው ለችግኝ አጥር ነው። መሬቱ አብዛኛው የግል ስለሆነ አጥሩ የሚቆመው ባለከብቱ እሺ ሲል ብቻ ነው፤ ግጦሹ የሚቀነሰውም የእሱ ነው። ካሳውን ማን ይክፈለው?