የታፈነ አፍንጫ ሁሉ ጉንፋን አይደለም

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በጎፋ ገብርኤልና በጎፋ ካምፕ አካባቢ ባዶ ቦታዎችና የመንገድ ዳሮች በሣር ይሸፈናሉ። ሣሩ ሲያብብና ነፋስ ሲነሳ አንዳንድ ልጆች ደጋግመው ያስነጥሳሉ፤ አፍንጫቸውም ይታፈናል። ብዙ ወላጅ ግን «ጉንፋን ነው» ብሎ ያልፋል፤ አለዚያም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ ይገዛል። አንቲባዮቲክ አለርጂን አያድንምና ይህ ልማድ ሊታረም ይገባል።

ብዙ ጊዜ ተወቃሹ አደይ አበባ ነው። ይሁን እንጂ የደማቅ አበቦች ዱቄት ከባድና የሚጣበቅ በመሆኑ በአብዛኛው የሚጓጓዘው በንብና በሌሎች ነፍሳት ነው። የሣር አበባ ዱቄት ግን ቀላል ስለሆነ በነፋስ ይበተናል።

ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይለቃል። አለርጂ ግን ለሳምንታት ይቆያል፤ በየዓመቱም በዚያው ወቅት ይመለሳል። ትኩሳት የለውም፤ ፈሳሹ እንደ ውሃ ቀጭን ነው፤ ዓይንና አፍንጫን ያሳክካል። አፍንጫውን በመዳፉ ወደ ላይ የሚያሽ ልጅ ከጊዜ በኋላ አፍንጫው ላይ አግድም መስመር ሊወጣበት ይችላል።

የመታፈኑን መጠን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ልጁ አፉን ዘግቶ ሲተነፍስ ቀዝቃዛ መስተዋት ከአፍንጫው ሥር ይያዝና የሁለቱ ቀዳዳዎች ጉም ይነጻጸር። በጤነኛ ሰውም ቢሆን ቀዳዳዎቹ በየተራ ስለሚጠቡ አንድ ጊዜ ብቻ ታይቶ አይፈረድም። በመሆኑም ገበሬ የዝናቡን መግቢያና መውጫ ልብ እንደሚል ሁሉ ወላጅም ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ በደብተር ይመዝግብ፦ ምንም ከሌለ 0፣ ቀላል ከሆነ 1፣ የሚያስቸግር ከሆነ 2፣ እንቅልፍ የሚነሳ ከሆነ 3። ይህ ደብተር ለጤና ባለሙያው ከብዙ ቃል ይበልጣል።

ከአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚሸት ፈሳሽ ከወጣ ባቄላ ወይም ሽምብራ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ሲታይ፣ ወይም ደረቱ ሲያፏጭና ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ልጁ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። አፍንጫ የሚከፍቱ ጠብታዎችም ያለ ምክር ለብዙ ቀን ሲወሰዱ መታፈኑን ያብሳሉ።

ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የማቃጠል ልማድ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። ዓላማው ጽዳት ነበር፤ ጭሱ ግን የልጆችን አፍንጫ ይብሱን ያሳምማል። ስለዚህ ቆሻሻው ይነሳ እንጂ አይቃጠል። ሣሩም ከማበቡ በፊት ይታጨድ፤ በዚያን ጊዜ የታጨደ ሣር ለከብትም የተሻለ መኖ ነው። ሌሊቱን በአፉ ሲተነፍስ ያደረ ልጅ በክፍል ውስጥ ያንቀላፋልና ጉዳዩ በቸልታ ሊታለፍ አይገባም።