በዐይን ሐኪም ቤት ጣት ስለ መለካቱ

የታመመው ዐይን ሆኖ ሳለ ሐኪሙ የበሽተኛውን ጣት በትንሽ መቈንጠጫ ሲይዝ ብዙ ሰው ይገረማል። ስለዚህ ነገር ለክቡራን አንባብያን ጥቂት ቃል ለመጻፍ ወደድን።

መሣሪያው ፐልስ ኦክሲሜትር ይባላል፤ የአሠራሩንም መሠረት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1974 ያስታወቀው ታኩዎ አዮያጊ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው። ከመቈንጠጫው በአንዱ ወገን ሁለት ዐይነት ብርሃን ይወጣል፤ አንዱ ቀይ ነው፥ ሁለተኛው ግን ለሰው ዐይን አይታይም። ኦክሲጅን የያዘ ደምና ያልያዘ ደም ሁለቱን ብርሃን በእኩል አያስቀሩምና፥ በማዶ ያለው መቀበያ ጣትን አልፎ የደረሰውን አመዛዝኖ የደሙን ኦክሲጅን ከመቶ ስንት እንደ ሆነ ያሳያል። ደግሞም ልብ በመታ ቍጥር ወደ ጣት የሚገባው ደም ስለሚጨምር የሚያልፈው ብርሃን ጥቂት ይቀንሳል፤ የዚህም መቀነስ ልክ ደም ወደ ጣት በብዛት ወይም በጥቂቱ መድረሱን ያመለክታል። እጅ ሲቀዘቅዝ የደም ሥር ይጠብባልና ቍጥሩ ያንሳል።

ይህ ለዐይን ሐኪም ምን ይረባዋል ቢባል፥ ግላኮማ የሚባለው በሽታ የዐይን ግፊታቸው እንደ ጤነኛ ሰው የሆነውንም ይጐዳል። ከእነዚህም መካከል እጃቸውና እግራቸው ዘወትር የሚቀዘቅዝ ሰዎች ይገኛሉ፤ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ሐኪሙ ዮሴፍ ፍላመር ነገሩን በሰፊው መርምረዋል። ስለዚህ የጣት ደም አካሄድ ፍንጭ ሊሰጥ ይችላል፤ ነገር ግን ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ የጣት ሥርና የዐይን ሥር አንድ አይደሉምና።

እኛን የሚያሳስበን፥ አንዳንድ የቤተ ሰብ አባት 98 የሚል ቍጥር ባየ ጊዜ «እንግዲያስ ጤነኛ ነኝ» ብሎ የዐይኑን ግፊት ሳያስለካ፥ የዐይኑንም ውስጥ ሳያስመረምር ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ነው። 98 ማለት ደሙ ከሳንባ ኦክሲጅን ማግኘቱን ነው፤ ስለ ዐይን ነርቭ ግን ምንም አይናገርም። ግላኮማ ብዙ ጊዜ ሕመም ሳያሰማ ከዳር ጀምሮ የማየትን ኀይል ይቀንሳል፤ የጠፋውም ብርሃን አይመለስም። አባቱ ወይም እናቱ፥ ወንድሙ ወይም እኅቱ በዚህ በሽታ የተያዙበት ሰው ከሌላው ይልቅ ቶሎ መመርመር ይገባዋል፤ እጁም የሚቀዘቅዝበት ከሆነ ሳይጠየቅ ለሐኪሙ ይንገር።

በ2020 በአሜሪካ የወጣ ምርመራ ደግሞ መሣሪያው በጥቁር ሰዎች ላይ ኦክሲጅኑን ከእውነተኛው አብልጦ የሚያሳይበት ጊዜ ከነጮች ይልቅ እንደሚበዛ አስረድቷል፤ ይህም እኛን በቀጥታ የሚነካ ነገር ነው። ጣት በሚለካበት ጊዜ እጅን አስቀድሞ ማሞቅና ሳያንቀሳቅሱ መቀመጥ ያስፈልጋል። እመቤቶችም በጥፍራቸው ላይ ጥቁር ቀለም እንዳለ ብርሃኑን ሊያግድ ስለሚችል፥ ወደ ሐኪም ቤት ከመሄዳቸው በፊት ቢያስለቅቁት መልካም ነው።