የእብዶች ቤት ሹመት

ሹመት የማይወድ ሰው ጥቂት ነውና፥ በኮምፒዩተር ጨዋታ ሹመት የሚያድል ነጋዴ ቢነሣ ገበያው ቢደራለት አያስደንቅም። ሰውን የከተማ ሹም፥ የባቡር ጌታ፥ የወኅኒ አዛዥ የሚያደርጉ ጨዋታዎች ከተሠሩ ቈይተዋል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1997 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ቲም ሆስፒታል የሚባል ጨዋታ ወጣ፤ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ቱ ፖይንት ሆስፒታል ተከተለው። በሁለቱም ተጫዋቹ የሆስፒታል ጌታ ሆኖ ሐኪም ይቀጥራል፥ ክፍል ያሠራል፥ ከሕመምተኛውም ገንዘብ ይቀበላል። ፕሪዝን አርኪቴክት በሚባለው የወኅኒ ጨዋታ ላይም በ2019 ዓ.ም. አእምሮአቸው የታመመ እስረኞች የሚጠበቁበት ክፍል ተጨመረበት። ከዚህ ወገን የሆነ፥ የቀድሞውን ዘመን ታሪክ መነሻ አድርጎ ተጫዋቹን በእብዶች ቤት ላይ የሚሾም ጨዋታም አለ። አንዳንድ የተማሩ ወጣቶቻችን ይህን ሲያመሰግኑ ስለ ሰማሁ ዛሬ ክርክሬ ከዚህ ጋር ነው።

የእንዲህ ያለው ጨዋታ ሥርዐት ሁሉ አንድ ነው። ለሹሙ ቦታና ገንዘብ ይሰጠዋል። ግንብ ይገነባል፥ አልጋ ይዘረጋል፥ ዘበኛና አስታማሚ ይቀጥራል። ሕመምተኞች በበሩ ይገባሉ። የሚጮኸውን ዝም ማሰኘት፥ የሚማታውን ለብቻው መዝጋት፥ ወጪና ገቢውን ማመዛዘን የሹሙ ፈንታ ነው። ሣጥኑ ሲሞላ ቤቱ ይሰፋል፤ ሣጥኑ ሲጐድል ጨዋታው ያበቃል። ሕመምተኛው ሲሞት ግን ጨዋታው አያበቃም፤ ሌላው በአልጋው ይተኛበታል።

ይህን ነገር በወቀስሁ ጊዜ አንድ ወጣት፥ «የኔታ፥ ይህ እኮ ጨዋታ ነው፤ በውስጡ ያሉት ሥዕሎች እንጂ ነፍስ ያላቸው ሰዎች አይደሉም» ሲል መለሰልኝ። ልጄ፥ ይህንስ እኔም አላጣሁትም፤ ለሥዕል አላለቅስም። ነገር ግን ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ስለ ሰምና ወርቅ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ሰሙ ይቀልጣል፥ ወርቁ ይቀራል። የዚህ ጨዋታ ሰሙ ሕመምተኛው ነው፤ ማታ ኮምፒዩተሩ ሲዘጋ ይቀልጣል። ወርቁ ግን እንደ ቅኔ ወርቅ ምሥጢር አይደለም፥ በቁሙ ወርቅ ነው፤ ማለት የሒሳብ መዝገቡ ነው። በልጁ ልብ የሚቀረውም ይኸው ነው። ሰውን ከላይ ሆኖ የመመልከት፥ ጩኸቱን እንደ ቃል ሳይሆን እንደ ኪሳራ የመስማት ልማድ በጨዋታ ይማሩታል፤ ልማድም ሥዕልን ከሰው ለይቶ አያውቅም።

ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ በአምስተኛው ምዕራፍ የጻፈውን የጌርጌሴኖንን ሰው ታሪክ አንባቢዎቼ ሁሉ ታውቁታላችሁ። በመቃብር መካከል ይኖር ነበር፤ ብዙ ጊዜ በሰንሰለትና በእግር ብረት ታስሮ ሰባብሮታል። ጌታ ፈወሰው፤ አጋንንቱም ሁለት ሺህ በሚያህሉ እሪያዎች ላይ ሰፈሩ፥ እሪያዎቹም ከባሕር ገብተው ሞቱ። የከተማው ሰዎች በመጡ ጊዜ ያ ሰው ልብሱን ለብሶ፥ ልቡም ተመልሶለት ተቀምጦ አገኙት። ወንድማችን ዳነልን ብለው እልል አሉን? አላሉም። የእሪያዎቹን ነገር በሰሙ ጊዜ ጌታን ከአገራችን ውጣልን ብለው ለመኑት። ባንድ ወገን አንድ ሰው፥ በሌላው ወገን ሁለት ሺህ እሪያ ቢመዘን እሪያው ከበደባቸው። መንጋው በእውነት ንብረታቸው ነበረና ኪሳራቸውን አላቃልልም። ነገር ግን ለእብዶች ቤት ሹመት ከእነርሱ ይልቅ የተዘጋጀ ሰው ከየት ይገኛል? ሒሳቡን ዐውቀውት ነበር።

የጌት ንጉሥ አንኩስ እንኳ ከእነርሱ ይሻላል። ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ ወደ እርሱ በመጣ ጊዜ ፈርቶ መልኩን ለወጠ፥ ልጋጉን በጢሙ ላይ አዝረበረበ። አንኩስም ይህን ሰው በፊቴ ያብድ ዘንድ ስለ ምን አመጣችሁት ብሎ ባሮቹን ተቈጣ። ፍልስጥኤማዊው የእብድን ትርኢት ከቤቱ አላስገባም። በመዝሙረ ዳዊትም «አብድ» የተባለው ሕመምተኛ እንዳይደለ ልብ ይሏል፤ ሙሉ ጤና ሳለው የእግዚአብሔርን መኖር በልቡ የካደው ነው። ሰንሰለት የሚገባው ለየትኛው እንደ ሆነ መተርጉማን ይከራከሩበት።

ሁለተኛው ምክንያታቸው ጨዋታው ታሪክ ያስተምራል የሚል ነው። ታሪክ መማርስ መልካም ነበረ፤ ግን ከየትኛው ወንበር ተቀምጦ? በሎንዶን ከተማ በ1247 ዓ.ም. በቅድስት ማርያም ዘቤተ ልሔም ስም የተመሠረተ ገዳም ነበረ፤ ኋላም የእብዶች ቤት ሆነ። የከተማው ሰዎች በበዓል ቀን እንደ ገበያ እየጐረፉ፥ ለቤቱም ሳንቲም እየጣሉ የታሰሩትን ሲስቁባቸው ይውሉ ነበር፤ ይህም ገደብ የተደረገበት በ1770 ዓ.ም. ነው። የቤተ ልሔም ስም በእንግሊዝ አፍ ተጣሞ ቤድላም ተባለ፤ እስከ ዛሬም ድረስ የሁከትና የጫጫታ ስም ሆኖ ቀርቷል። የዚያን ቤት ሒሳብ የጻፈ ሹም ገቢ ይህን ያህል ብሎ ጽፎ ይሆናል፤ የታሰረው ሰው የተሰማው ግን በመዝገቡ የለም።

በኢጣልያ አገር በቮልቴራ በነበረው የእብዶች ቤት ኦሬስቴ ፌርናንዶ ናኔቲ የሚባል ሕመምተኛ ነበረ። ብራናና ቀለም ቢያጣ በልብሱ ዘለበት የሕይወቱን ነገር በግንቡ ላይ እየፋቀ ጻፈ። ቤቱ ከ1978 ዓ.ም. ሕግ በኋላ ተዘጋ፤ ሰውየውም በ1994 ዓ.ም. ሞተ፤ በግንቡ የተፋቀው ጽሕፈት ግን ብዙ ሊቃውንት የደከሙበት ሆነ። እንግዲህ የታሪክ ምንጭ ይህ ነው። ጨዋታ ሁሉ ክፉ ነው እንዳትሉኝም እነሆ፤ በዚሁ በቮልቴራ ቤት ነገር በ2016 ዓ.ም. ዘ ታውን ኦቭ ላይት የሚባል ጨዋታ በኢጣልያኖች ተሠርቷል። በእርሱ ውስጥ ተጫዋቹ ሹም አይሆንም፤ በዚያ ቤት የኖረች የአንዲት ልጅን ዱካ እየተከተለ ባዶውን አዳራሽ ይመላለሳል። መሣሪያው አንድ ሲሆን ወንበሩ ልዩ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ያስደነቀኝ የጌል ከተማ ነገር ነው። ጌል በቤልጅግ አገር ያለች ከተማ ናት፤ ቅድስት ዲምፍና በምትባል ሰማዕት ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አላት። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ሰዎች አእምሮአቸው የታወከ ዘመዶቻቸውን እያመጡ በዚያ ይሳለሙ ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ለማደሪያ የተሠራው ክፍል ሲጠብባቸው የከተማው ሰዎች፥ ገበሬውም ጫማ ሰፊውም፥ ሕመምተኞቹን በየቤታቸው ተቀበሉ። እንግዳው ከቤተ ሰቡ ጋር በአንድ ገበታ ይበላል፥ ሲችል እርሻ ያግዛል፥ ልጅ ያቅፋል፥ ሲከፋውም ይታገሡታል። በ1930ዎቹ ዓመታት እንዲህ የሚኖሩት ከሦስት ሺህ በላይ ሆነው ነበር፤ ቍጥራቸው ቢያንስም ልማዱ ዛሬም አልጠፋም። ጠበል ሲጠመቅ የከረመ ሰው በጠበሉ ዙሪያ ካለው መንደር ቤት ተከራይቶ መሰንበቱን ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ የጌል ሰዎች ተከራዩን ዘመድ አደረጉት። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያጫውት ጨዋታ ቢሠራ ማን ይገዛው እንደ ሆነ አላውቅም፤ አሸናፊና ተሸናፊ የለበትምና።

ሦስተኛው መልስ፥ «ይህ የፈረንጅ ጭካኔ ነው፥ እኛን ምን አገናኘን» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ብዙውን ጊዜ የእኛው የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸውና ዝም ልል አልችልም።

እንግሊዞች ጌታ የተወለደበትን ከተማ ስም የሁከት ስም አደረጉ ብለን የምንፈርድባቸው እኛ የራሱን የጌታን ስም ምን አደረግነው? በአዲስ አበባ ያለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. በኢጣልያ ወረራ ዘመን ተመሥርቶ አማኑኤል ይባላል። ለብዙ ዘመን በመላ ኢትዮጵያ ለዚህ ሕመም ብቻ የቆመ ሌላ ሆስፒታል አልነበረም። እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት የሆነውን ይህን ስም ዛሬ ሰው ባልንጀራውን ሊሰድብበት «አማኑኤል ግባ» ይለዋል። ስሙን በቅዳሴ የሚያመሰግን አፍ በገበያ ይሰድብበታል። በነቀምቴ ገበያም ልጆች «መራታ! መራታ!» እያሉ ጨርቁን የጣለውን ሰው በድንጋይ ሲያሳድዱ ቆሞ የሚስቅ ሽማግሌ አይጠፋም። በዚህ ምድር ባለፉት ዓመታት በነበረው ውጊያ ስንቱ ከቤቱ ተፈናቅሏል፥ ስንቱስ የዘመዱን ሞት በዓይኑ አይቷል። ከእነዚህ መካከል ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ቀን ብቻውን የሚናገረው ማን እንደ ነበረ፥ ምን እንዳየ ሳይጠይቁ እብድ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው።

በቡታጅራ አውራጃ 68,378 ሰዎች በየቤታቸው ተጠይቀው ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 321 ሰዎች ተገኝተው ነበር። ከእነዚህ ቀድሞ የዚህን ሕመም መድኃኒት ያገኙት ከመቶው ዐሥር አልሞሉም። የቀሩት የት ነበሩ? በቤት፥ በጓሮ፥ በጠበል፥ በመንገድ።

ልጇን ከምሰሶ ጋር ያሰረችውን እናት አልወቅስም። ወንዝ እንዳይገባ፥ እሳት እንዳይነካ፥ ሄዶም እንዳይቀር ፈርታ ነው፤ ቀን እርሻ ውላ ሌሊት አትተኛም፤ ከነቀምቴ አዲስ አበባ ድረስ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ይዛው ልትሄድ ምን አቅም አላት? የምወቅሰው በአንድ እጁ መስቀል፥ በሌላው ስልክ ይዞ የታመመውን ሰው የሚያስለፈልፈውን ነው። ልጅቱ ጠጕሯ ተበትኖ፥ ልብሷ ተገልጦ፥ የማታውቀውን ስትናገር ይቀረጻል፤ ስሟና የመጣችበት አገር ይነገራል፤ ከሥርም የባንክ ቍጥር ይጻፋል፤ ተመልካቹ በሺህ ይቈጠራል። ከዳነች በኋላ የሚያጫት ወንድ፥ የሚቀጥራት ጌታ ያንን ሥዕል ያገኘዋል። የሎንዶን ሰዎች ለማየት ከበሩ ድረስ በእግራቸው መሄድ ነበረባቸው፤ እኛ በየሰው ኪስ አገባነው። የጨዋታው ሕመምተኛ ሥዕል ነው ያለኝ ወጣት በዚህ ላይ ልክ ነበረ፤ የእኛዋ ግን ሥዕል አይደለችም።

ጠበልን እያቃለልሁ እንዳይመስላችሁ። በጠበል የዳኑትን ዐውቃለሁ፥ እመሰክራለሁም። ነገር ግን በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ፥ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን ለሕዝቡ በግልጥ ነግረው ነበር። ለደም የተፈቀደው ለአእምሮ የሚከለከልበትን ምክንያት ከመጻሕፍት አውጥቶ የሚያሳየኝ መምህር ካለ በዚሁ ገጽ ይጻፍ። ሐኪም የሰጠውን ክኒን ጣል፥ እምነትህ ጐደለ እያለ ሕመምተኛውን የሚመክር አጥማቂ ግን የማን ምስክር እንደ ሆነ ይመርምር። በወለጋ ባሉት የጠበል ቦታዎች ሁሉ የደብሩ አስተዳዳሪዎች ሦስት ነገር ቢያደርጉ ከማንም ፈቃድ አያሻቸውም፤ ስልክ ይዞ ወደ ጠበሉ መግባትን ይከልክሉ፤ የታሰረ ሰው በመጣ ጊዜ የሚጠብቁት ሰዎች መድበው ሰንሰለቱን ያስፈቱለት፤ በሳምንት አንድ ቀን ከአቅራቢያው ጤና ጣቢያ የአእምሮ ሕመም የሚያውቅ ነርስ መጥቶ እንዲያያቸው ይጠይቁ።

ይህን ለአንድ ካህን በነገርሁት ጊዜ፥ «ካልተቀረጸ ተአምሩን ማን ያምናል?» አለኝ። የጌርጌሴኖን ሰው ከዳነ በኋላ ከጌታ ጋር በመርከብ ሊሄድ ለምኖ ነበር፤ ጌታ ግን ወደ ቤትህ፥ ወደ ዘመዶችህ ሂድና የተደረገልህን ንገራቸው ብሎ አሰናበተው። እርሱም ሄዶ ዐሥር ከተማ በሚባለው አገር ሰበከ፥ ሰዎችም ተደነቁ። የተናገረው በመቃብር መካከል ሲጮኽ ሳለ አይደለም። ልብሱን ለብሶ፥ ልቡ ተመልሶለት፥ ራሱ ወድዶ፥ በገዛ አንደበቱ ነው።